ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሳይጭኑ ሃርድ ዲስክን የመቀየር አሠራር

ኮምፒውተር ሲዘገይ ወይም ሃርድ ዲስኩ መድከም ሲጀምር በየጥገና ቤቱ በቅድሚያ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። መልሱ ለሠሪው ቀላል ቢሆንም ለባለቤቱ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ለዓመታት የተደራጀው የሥራ ቦታ በሙሉ አብሮ ይፈርሳል። የድርጅቱ ሒሳብ የተያዘበት ፒችትሪ፣ የፓወር ግዕዝ መክተቢያ፣ ሲዲው የት እንደገባ የማይታወቅ የአሮጌ ፕሪንተር ድራይቨር፣ ይህን ሁሉ መልሶ ማሟላት ቀናት ይፈጃል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ላይገኝ ይችላል። ዲስክ ለመቀየር ግን ይህ ሁሉ መከራ አስፈላጊ አይደለም። በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለው ነገር፣ ዊንዶውሱም፣ ፕሮግራሞቹም፣ ፋይሎቹም፣ የዴስክቶፑ ምስል ሳይቀር፣ እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ ሊገለበጥ ይችላል። ይህ ሥራ ክሎን ማድረግ ይባላል።

መመሪያው የተዘጋጀው በብዙዎቻችን እጅ ለሚገኘው ዓይነት ኮምፒውተር፣ ማለትም ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ለተጫነበትና ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ላለው ላፕቶፕ ሲሆን፣ ዲስኩ ኤስኤስዲ በሚባለው በማይሽከረከር ዲስክ እንደሚተካ ታሳቢ ተደርጓል። በዴስክቶፕም ቢሆን ሂደቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድን ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚነበቡት ተበታትነው የተቀመጡ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች በመሆናቸው፣ የዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ከቦታ ቦታ ሲመላለስ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ሳታ በሚባለው መስመር የሚሠራው ዓይነት እንኳ በሰከንድ ከ500 ሜጋባይት በላይ ማንበብ ይችላል። አሮጌ ላፕቶፕ ዲስኩ ብቻ ተቀይሮለት እንደ አዲስ የሚፈጥነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዲስኩን ከመግዛት በፊት

መጠኑን በጥንቃቄ ይምረጡ። «500 ጊጋባይት» ተብሎ የሚሸጥ ሃርድ ዲስክ 500,107,862,016 ባይት ይይዛል፤ ዊንዶውስ በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ይህንኑ 465 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩ አንሶ ቢያዩት አልተጭበረበሩም። ችግር የሚመጣው አሮጌው ዲስክ 500 ሆኖ በዋጋው ረከስ ያለው ባለ 480 ኤስኤስዲ ሲገዛ ነው። ይህ የሚይዘው 480,103,981,056 ባይት በመሆኑ ከአሮጌው በ20 ቢሊዮን ባይት ያህል ያንሳል። በዲስኩ ላይ ያለዎት መረጃ 150 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የክሎን ፕሮግራሙ የሚመለከተው የዲስኩን ሙሉ መጠን ስለሆነ መድረሻው ከምንጩ ያነሰ መሆኑን ነግሮዎት ሥራውን ያቆማል። ባለ 512 ወይም ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ መግዛት ከዚህ ሁሉ ያድናል። ባለ 480ው አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ መላ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅርጹንም ያረጋግጡ። ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ብዙውን ጊዜ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች የተሠሩት ለ9.5 ሚሊ ሜትር ዲስክ በመሆኑ ቀጭኑ ዲስክ እንዳይወዛወዝ የፕላስቲክ ክፈፍ ሊያስፈልግ ይችላል። አዲስ ላፕቶፖች ማስቲካ የሚመስለውን ኤም ዶት 2 ዲስክ ይቀበላሉ፤ ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ኤም ዶት 2 የቅርጹ ስም እንጂ የአሠራሩ ስም አለመሆኑ ነው፤ በዚሁ ቅርጽ የሳታም፣ ኤንቪኤምኢ በተባለው ሌላ ፈጣን መስመር የሚሠራም ዲስክ ስለሚሸጥ ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ ገንዘብ አያውጡ።

ከዲስኩ ጋር ሁለት ነገር ይግዙ፦ አዲሱን ዲስክ ከውጭ ለማገናኘት ከዩኤስቢ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ፣ እንዲሁም ቢያንስ 1 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ። ገመዱ ዩኤስቢ 3 ቢሆን ይመረጣል። 200 ጊጋባይት መረጃ በሰከንድ 80 ሜጋባይት ቢጓዝ 42 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በሰከንድ 35 ሜጋባይት አካባቢ በሚያልፍበት በዩኤስቢ 2 ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ያስጠብቃል። በላፕቶፑም ላይ ገመዱን የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ላይ ይሰኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው።

አሮጌው ዲስክ ለመገልበጥ የሚያበቃ ጤና አለው ወይ?

ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱና ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ዝርዝር ይመልከቱ። በተለይ ሦስት መስመሮችን ይፈልጉ፦ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት፣ ሊነበቡ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ብዛት፣ ጨርሶ ሊታረሙ ያልቻሉ ሴክተሮች ብዛት። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ በልበ ሙሉነት ይቀጥሉ። ፕሮግራሙ ምልክቱን በቢጫ ወይም በቀይ ካሳየ፣ ከዚያም አልፎ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ፣ ሁኔታው ተለውጧል ማለት ነው።

እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ የስህተት ማረሚያ ማስኬድ ትልቅ ጥፋት ነው። ማረሚያው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሠራዋል፤ የቀረችውንም ዕድሜ ሊጨርስ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የማይተኩትን ፋይል፣ ማለትም የሒሳቡን መዝገብ፣ ፎቶዎቹን፣ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ፤ ከዚያ በኋላ ዲዲ ሬስኪዩ በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ ይገልብጡ። ይህ መሣሪያ ደኅናውን ቦታ በቅድሚያ አንብቦ ወደ ተበላሸው የሚመለሰው በመጨረሻ ስለሆነ ከዲስኩ ማዳን የሚቻለውን ሁሉ ያድናል። ቀጭ የሚለው ድምፅ ካለ ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ለባለሙያ ያሳዩ።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ እንዳሉ ሲ ድራይቭን በቀኝ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ቱልስ»፣ ቀጥሎ «ቼክ» በማለት የፋይል አሰላለፉ ስህተት እንደሌለበት ያረጋግጡ። ክሎን ስህተትንም እንዳለ ስለሚገለብጥ ማረም የሚገባው አስቀድሞ ነው።

ዊንዶውስን ማዘጋጀት

ሃርድ ዲስኩ ተመስጥሮ ከሆነ መጀመሪያ ምስጢሩ መፈታት አለበት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ባለቤቱ ሳያውቅ ምስጠራው በራሱ ይጀምራል። በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ወይም «ቢትሎከር» የሚለውን ፈልገው ያጥፉት፤ መረጃው ተፈትቶ እስኪያልቅም ይጠብቁ። ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁልፉንም አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፤ ቁልፉን ሳይዙ ባዮስ በተባለው፣ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ለውጥ ቢያደርጉ ኮምፒውተሩ ቁልፍ ጠይቆ በር ላይ ሊያስቀርዎት ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዊንዶውስ «ጠፋሁ» ሲል በእርግጥ አለመጥፋቱ ነው። «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ሲስተሙ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ ይተኛል፤ የክሎን ፕሮግራሙም ዲስኩ በአግባቡ አልተዘጋም ብሎ ሊያስቆምዎት ይችላል። በ«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ ወደ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብተው፣ የማብሪያው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚመረጥበትን ገጽ ከፍተው የ«ፋስት ስታርትአፕ»ን ምልክት ያንሱ። በአቋራጭ ለመሥራት «ሺፍት» የተባለውን ቁልፍ እንደያዙ «ሻት ዳውን»ን ቢጫኑም ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

መቼም ቢሆን ሊጠፋ የማይገባውን ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ሳያስቀምጡ ወደሚቀጥለው እርምጃ አይለፉ።

የክሎንዚላ ፍላሽ

ለሥራው የሚሆኑ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። አንዳንድ የኤስኤስዲ አምራቾች የራሳቸውን በነጻ ይሰጣሉ፤ ለምሳሌ ሳምሰንግ ለራሱ ዲስኮች ያዘጋጀው አለው። እኔ የምመርጠው ክሎንዚላን ነው፤ ነጻ ነው፣ የዲስኩ ሥሪት አይገድበውም፣ ከዊንዶውስ ውጭ ከፍላሽ ተነስቶ ስለሚሠራም የሚገለበጠው ዲስክ በሥራ ላይ አይሆንም። መልኩ ያረጀ ይመስላል፤ ማውዝም አይቀበልም፤ የሚሠራው በቀስት፣ በስፔስና በኢንተር ቁልፍ ነው።

የክሎንዚላን የአይኤስኦ ፋይል ካወረዱ በኋላ ሩፎስ በተባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ይጻፉት፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን ይወቁ። ከዚያ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ይሰኩ፣ አዲሱን ዲስክ በገመዱ ያገናኙ፣ ፍላሹን ይሰኩና እንደገና አስነሱት። የመነሻ ምርጫው የሚከፈትበት ቁልፍ በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ9 ነው። ኮምፒውተሩ ፍላሹን አልቀበልም ካለ ባዮስ ውስጥ ገብተው «ሴኪዩር ቡት» የተባለውን፣ ያልታወቀ ማስነሻን የሚከለክል ጥበቃ ለጊዜው ያጥፉ።

መብራት ቢሄድ ምን ይሆናል ብለው ለሚጨነቁ፦ ላፕቶፑ ባትሪው ደኅና ከሆነ ሥራው አይቋረጥም። ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ይሥሩ። ሥራው ቢቋረጥም ክሎንዚላ ከአሮጌው ዲስክ ላይ የሚያነብ እንጂ የሚጽፍበት ስላልሆነ፣ የሚበላሸው በአዲሱ ዲስክ ላይ ያለው ያላለቀ ቅጂ ብቻ ነው፤ መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

ምንጭና መድረሻ

ክሎንዚላ ሲነሳ ስለ ቋንቋና ስለ ኪቦርድ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች ሳይለውጡ በኢንተር ይለፉ። ቀጥሎ «ዲቫይስ-ዲቫይስ» የሚለውን፣ ከዚያ «ቢጊነር»ን፣ ከዚያ «ዲስክ ቱ ሎካል ዲስክ» የሚለውን ይምረጡ። አሁን የሚመጣው ገጽ መጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ መድረሻውን ይጠይቃል። የዚህ ሥራ አደጋ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ገጾች ላይ ነው። ሁለቱን ካቀያየሩ ባዶው ዲስክ በሞላው ላይ ይገለበጣል፤ በዚያን ጊዜ የጠፋውን በቀላሉ የሚመልስ የለም።

ዲስኮቹ በገጹ ላይ «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» እየተባሉ ይዘረዘራሉ፤ ይህ ስም በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል አይመኑት። ከስሙ ቀጥሎ የዲስኩ መጠን፣ የሞዴሉ ስምና መለያ ቁጥሩ ተጽፎ ያገኛሉ፤ የሚታመነው ይህ ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት ዘመዴን ላፕቶፕ ስሠራ ሁለቱም ዲስኮች የአንድ ፋብሪካ ሥሪት፣ ሁለቱም ባለ 500 ጊጋባይት ነበሩ። መጠኑን ብቻ አይቼ መረጥኩና ቀጠልኩ። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ሊጠፋ ነው ከተባለው ዲስክ ሥር አራት ፓርቲሽኖች፣ ማለትም የዲስኩ ክፍልፋዮች፣ ተዘርዝረው አየሁ፤ ከማሸጊያው የወጣ አዲስ ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ አንድም ፓርቲሽን አይኖረውም። ጣቴ «ዋይ» በምትለዋ ፊደል ላይ እንዳለ ነበር የገባኝ። ሊጠፋ የነበረው የልጆቿ የስምንት ዓመት ፎቶ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የአዲሱን ዲስክ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች በፕላስተር ላይ ጽፌ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ እለጥፋለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣም ሊጠፋ ነው የተባለውን ዲስክ ቁጥር ከፕላስተሩ ጋር ያመሳክሩ፤ ከዲስኩ ሥር የፓርቲሽን ዝርዝር ካለ እንዲሁም ዲስኩ አዲስ ከሆነ ወዲያውኑ አቁመው ወደ ኋላ ይመለሱ።

ምርጫው ትክክል ከሆነ የዲስክ ምርመራውን ዝለል የሚለውን ይቀበሉ፤ ምርመራውን በዊንዶውስ ውስጥ ጨርሰዋል። የፓርቲሽን አሰላለፉንም እንዳለ ገልብጥ የሚለውን ይተዉት። ባለ 480 ዲስክ ገዝተው ከሆነ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ሳሉ በ«ዲስክ ማኔጅመንት» ሲ ድራይቭን በደንብ አሳንሰው መምጣት ነበረብዎት፤ አሁን ደግሞ በ«ቢጊነር» ምትክ «ኤክስፐርት»ን መርጠው፣ የመድረሻውን መጠን አትመርምር የሚለውን ምልክት አድርገው፣ ፓርቲሽኖቹን በመጠን አመጣጥነህ ፍጠር የሚለውን «ኬ1» የተባለውን ምርጫ ይውሰዱ።

ክሎንዚላ እርግጠኛ መሆንዎን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፤ «ዋይ» ብለው ይመልሱ። ማስነሻውን ልገልብጥ ወይ ብሎ ከጠየቀም «ዋይ» ይበሉ። ከዚያ በኋላ የተገለበጠው መቶኛ፣ ያለፈውና የቀረው ጊዜ እየታየ ፓርቲሽኖቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። የላፕቶፑን ክዳን አይዝጉ፤ ገመዱንም አይነካኩ።

ካቻቢቴውን ማንሳት

ቅጂው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡ፤ በውስጥ ያለ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው በቅድሚያ ገመዱን ከማዘርቦርዱ ያላቅቁ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። ዲስኩን ከመንካትዎ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ፤ በተለይ ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ። ብሎኖቹ ሁሉ እኩል ርዝመት የላቸውም፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ሊወጋ ስለሚችል፣ በነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ስለው እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ።

አሮጌው ዲስክ በብረት ወይም በጎማ ክፈፍ ታቅፎ ያገኙታል። ዲስኩን ከመሰኪያው ወደ ጎን በመሳብ ያውጡ፤ ወደ ላይ አያንሱት። በአንዳንድ ላፕቶፖች ዲስኩ የሚገናኘው እንደ ሪባን በሳሳ ገመድ ነው፤ ገመዱ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ስለዚህ የሚይዙት መሰኪያውን እንጂ ገመዱን አይሁን። ክፈፉን ወደ አዲሱ ዲስክ አዛውረው በዚያው አቅጣጫ ይሰኩት። ኤም ዶት 2 ከሆነ በትንሹ አጋድመው መሰኪያው ውስጥ አስገብተው ወደ ታች ይጫኑና በብሎኑ ያሰሩ።

የመጀመሪያው መነሳት

አሮጌውን ዲስክ በየትኛውም ገመድ ሳያገናኙ ኮምፒውተሩን ያስነሱ። ሁለቱ ዲስኮች በመገልበጡ ምክንያት አንድ ዓይነት ውስጣዊ መለያ (የፋብሪካው መለያ ቁጥር አይደለም) ስላላቸው አብረው ከተገኙ ዊንዶውስ አንዱን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላል፤ ከዚያም የባሰው፣ እርስዎ በአዲሱ እየሠሩ ያሉ መስሎዎት ኮምፒውተሩ ከአሮጌው ሊነሳ መቻሉ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ካለ ባዮስ ውስጥ ገብተው በማስነሻ ቅደም ተከተሉ ላይ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የመጀመሪያ መሆኑን ያረጋግጡ። ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ የማስነሻ ዲስኩ አልተደረሰበትም የሚል ከሆነ፣ በተለይም ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ተሻግረው ከሆነ፣ የማስጠገኛው ሜኑ ሲከፈት አንድ ጊዜ በ«ሴፍ ሞድ» ማስነሳት ብዙውን ጊዜ መፍትሔ ይሆናል፤ ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ድራይቨር በዚያው ያነሳዋልና።

የዊንዶውስ ፈቃድ በዋናነት የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ በመቀየር ብቻ በተለምዶ አይጠፋም።

ሲነሳ ቶሎ ሥራ ከመጀመር ይልቅ ለግማሽ ሰዓት ይፈትሹ። ፒችትሪውን ከፍተው የመጨረሻው የተመዘገበበት ቀን በቦታው መኖሩን ይዩ፤ አንድ ገጽ ያትሙ፤ በአማርኛ አንድ መስመር ይክተቡ። ቀጥሎ «ዲፍራግመንት ኤንድ ኦፕቲማይዝ ድራይቭስ» የተባለውን ከፍተው ዲስኩ «ሶሊድ ስቴት ድራይቭ» ተብሎ መታወቁን ያረጋግጡ። ሴኪዩር ቡትን አጥፍተው ከነበረ መልሰው ያብሩ፤ ምስጠራውንም እንዲሁ።

አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው የሚበልጥ ከሆነ ትርፉ ቦታ በ«ዲስክ ማኔጅመንት» መጨረሻ ላይ ያልተመደበ ሆኖ ይታያል። ሲ ድራይቭን በቀኝ ተጭነው «ኤክስቴንድ» ሲሉ ምርጫው ደብዝዞ ካገኙት፣ በሲ እና በባዶው ቦታ መካከል ትንሹ የመጠገኛ ፓርቲሽን ቆሞ ስላገደዎት ነው። ይህን ፓርቲሽን አያጥፉት፤ ጂፓርትድ የተባለውን ነጻ መሣሪያ በፍላሽ አስነስተው ወደ ዲስኩ መጨረሻ ይግፉት፤ ከዚያ ሲ ድራይቭ ይሰፋል።

አሮጌውን ዲስክ ቢያንስ ለአንድ ወር ምንም ሳይጽፉበት፣ ቀኑንና «የማይነካ» የሚል ቃል ለጥፈውበት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። ወሩ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ በአዲሱ ዲስክ ከተነሳ በኋላ ብቻ በዩኤስቢ ገመዱ ያገናኙት፤ ዊንዶውስ ከሥራ ውጭ አድርጎት ከሆነ በ«ዲስክ ማኔጅመንት» «ኦንላይን» በማለት ያስገቡት፣ ፓርቲሽኖቹን አጥፍተው ፎርማት ያድርጉትና የመጠባበቂያ ፋይል ማስቀመጫ ያድርጉት።